የአይጥ ጉበትና የሰው ጉበት

ሰው የገዛ ሥጋውን ውስጣዊ አሠራር ለመመርመር በፈለገ ጊዜ፣ ሕያው ሰውን ከፍቶ ማየት ሕግም ኅሊናም ስለማይፈቅድለት፣ ከጥንት ጀምሮ ዓይኑን ወደ እንስሳት ሲመልስ ኖሯል፤ ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ ይህ ሸክም ከሁሉ አብልጦ የወደቀው በአይጥ ወገኖች ላይ ነው። ትንንሾች ናቸው፤ ቶሎ ይዋለዳሉ፤ በጠባብ ስፍራ ይኖራሉ፤ ቀለባቸውም ርካሽ ነው። ከዚህም የተነሣ ዛሬ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ከምናያቸው መድኃኒቶች መካከል አስቀድሞ በአይጥ ወገን ሳይፈተን ወደ ሰው አፍ የደረሰ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ከሩቅ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ የሚመስሉት እነዚህ ፍጥረታት በውስጣዊ ሥርዓታቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ ከሰው ጋር የሚመሳሰሉበትና የሚለያዩበትም ነገር እንደየብልቱ ይለዋወጣል። ይህን ልዩነት አለማስተዋል ዛሬ በዓለም ዙሪያ የብዙዎችን ልብ የሚጠብቀውን መድኃኒት ገና ከመወለዱ በፊት ሊያስቀረው ተቃርቦ ነበር፤ ነገሩ በግልጥ የሚታየውም በጉበትና በኮሌስትሮል ታሪክ ውስጥ ነው።

ኮሌስትሮል በሕዝብ አፍ ስሙ በክፉ ብቻ ቢነሣም በባሕርዩ ክፉ አይደለም። ሰም የመሰለ፣ በውሃ የማይሟሟ የቅባት ዘር ሲሆን፣ የእንስሳ ሕዋስ ልባስ ያለ እርሱ አይጸናም፤ የወንድና የሴት ሆርሞኖች፣ ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም በአንጀት ውስጥ የምግብን ቅባት የሚያሟሟው የሐሞት አሲድ ከእርሱ ይገኛሉ። የሰው ሥጋ ከሚያስፈልገው ኮሌስትሮል የሚበዛውን ራሱ ይሠራዋል እንጂ ከገበታ አይጠብቅም፤ ይህ 27 የካርቦን አቶሞች ያሉት ጥንቅር ከትንሹ ከአሴቴት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚገነባ የገለጹት ኮንራድ ብሎኽና ፌዮዶር ሊነንም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964፣ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ሥራ ሁሉ መዲና ጉበት ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ይሠራል፤ ከምግብ የመጣውንና በደም የሚዞረውን ይቀበላል፤ ለቀሩት ብልቶች የሚሆነውን በተሸካሚዎች አሳፍሮ ይልካል፤ የተረፈውንም በሐሞት በኩል ያስወጣል። ይህ አራተኛው ሥራ በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል፤ የእንስሳ ሥጋ ስኳሩንና ስቡን አቃጥሎ ኃይል ሲያደርገው፣ የኮሌስትሮልን ቀለበቶች ግን ሰብሮ ማቃጠል አይችልምና፣ ከመጠን ያለፈው ከሥጋ የሚወጣበት ታላቁ በር ሐሞት ነው። አራቱ ሥራዎች ሰውን ጨምሮ በጡት አጥቢዎች ሁሉ ዘንድ ይገኛሉ፤ ልዩነቱ ያለው በመጠናቸውና በሚዛናቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ የሚዛን ልዩነት አንዱን እንስሳ ከበሽታ እየጠበቀ ሌላውን ለበሽታ አሳልፎ እስከ መስጠት ይደርሳል።

ነገሩ መጀመሪያ ጎልቶ የታየው በሩሲያ በሳንክት ፒተርስቡርግ ነበር። በ1913 ኒኮላይ አኒችኮፍና ሴምዮን ኻላቶፍ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ አበባ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች በመገቡ ጊዜ፣ በእንስሳቱ ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ በሰው ደም ቅዳ ላይ የሚታየውን የመሰለ የስብ ክምችት በቀለ። ልብን የሚያቆመውና አንጎልን የሚያሽመደምደው የደም ቅዳ መጥበብ ከኮሌስትሮል ጋር ዝምድና እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር። ነገር ግን ይኸው ቀለብ ለአይጠ መጎጥና ለውሻ በተሰጠ ጊዜ ደም ቅዳቸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ ሊቃውንትም ጥንቸል ሣር በል እንስሳ ስለ ሆነች ተፈጥሮዋ ያላዘዘላትን በልታ ታመመች እንጂ ለሰው ምሳሌ አትሆንም ብለው፣ የነአኒችኮፍን ግኝት ለረዥም ዘመን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ጥንቸል በሥነ ፍጥረት ምደባ ከአይጥ ወገን አይደለችም፤ ስለዚህም ጥያቄው ወደ አይጥ ወገኖች ዞረ፤ ለመሆኑ አይጠ መጎጥ ይህን ሁሉ ኮሌስትሮል በልታ እንዴት ሳትታመም ቀረች?

የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው ጉበት በሚሠራው መጠን ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ዳላስ ዴቪድ ስፔዲና ጆን ዲትሺ በ1983 ባወጡት ጥናት፣ የአይጠ መጎጥ፣ ከአይጥ ወገን የሆኑት የሃምስተርና የጊኒ ፒግ፣ እንዲሁም የጥንቸልና የጦጣ ብልቶች እንስሳቱ በሕይወት ሳሉ ምን ያህል አዲስ ኮሌስትሮል እንደሚሠሩ አንድ በአንድ ለኩ። በአይጠ መጎጥ ከመላው ሰውነት ሥራ ግማሽ ያህሉ የጉበት ድርሻ ሲሆን፣ በጊኒ ፒግ ግን የጉበት ድርሻ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ የቀረው ሁሉ በአንጀት፣ በቆዳ፣ በጡንቻና በሌሎች ብልቶች የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። የዚህም ትርጓሜ ቀላል አይደለም። በየቀኑ ብዙ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ከጎረቤት መሶብ ሙሉ ቢላክለት ምጣዱን አሳርፎ የመጣለትን ይበላል፤ ጥቂት ብቻ የሚጋግር ቤት ግን የሚያሳርፈው ምጣድ ስለሌለው የተላከለት ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይከማችበታል። የአይጠ መጎጥ ጉበት ኮሌስትሮል ከምግብ በመጣለት ጊዜ ሥራውን የሚቆጣጠረውን ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ዝቅ አድርጎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ሃምስተርና ጊኒ ፒግ ግን አስቀድሞም ጥቂት የሚሠራ ጉበት ስላላቸው የሚቀንሱት ብዙ የለም፤ ስለ ሆነም የምግባቸው ጠባይ በደማቸው ላይ ቶሎ ይታያል።

ሁለተኛው መልስ የበሩ ስፋት ነው። ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ የመለወጡን ሥራ የሚጀምረው ሲ ዋይ ፒ 7 ኤ 1 የሚባል የጉበት ኢንዛይም ሲሆን፣ አይጥና አይጠ መጎጥ ኮሌስትሮል የበዛበት ቀለብ በበሉ ጊዜ፣ በጉበታቸው ሕዋስ ውስጥ ያለው ኤል ኤክስ አር አልፋ የተባለ ፕሮቲን የትርፉን መምጣት ተረድቶ የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ያነሣሣዋል፤ በሩም ይሰፋል፤ ትርፉም ይወጣል። በ1998 በዳላስ የዴቪድ ማንገልስዶርፍ ባልደረቦች ይህን ፕሮቲን ያጡ አይጦች አራብተው ኮሌስትሮል በመገቧቸው ጊዜ፣ ጤነኞቹ አይጦች ያለ ችግር የተሸከሙት ቀለብ የእነዚህን ጉበት በኮሌስትሮል ሞላው። የሰው ዘረ መል ግን እንዲህ ላለው ትእዛዝ አይነሣም፤ የሃምስተርም ጉበት በዚህ ረገድ ከአይጠ መጎጥ ይልቅ ወደ ሰው ያደላል። እንግዲህ አይጠ መጎጥ ሲሞላባት ሥራዋን ትቀንሳለች፣ በርዋንም ትከፍታለች፤ በሁለት ወገን የተጠበቀችም ስለ ሆነች የፒተርስቡርጉ ቀለብ ሳይጎዳት ቀረ።

የሐሞትን ነገር ከቀረበ አይቶ የሚመረምር ሰው ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። የአይጠ መጎጥን ሆድ የከፈተ ተማሪ በጉበቷ ሥር የሐሞት ከረጢት ቢፈልግ ከቶ አያገኝም፤ ሐሞቷ ምግብ እስኪመጣ ድረስ የሚጠራቀምበት ስፍራ ስለሌለው በቀጭን ቧንቧ ሌሊትና ቀን ወደ አንጀቷ ይፈስሳል። በአካል ከእርሷ የምታንሰው አይጥ ግን ከረጢት አላት፤ ሃምስተርና ጊኒ ፒግም እንደ ሰው ከረጢት አላቸው። የሐሞቱ ቅመም ራሱም ይለያያል። ሰው በጉበቱ የሚሠራቸው ዋነኛ የሐሞት አሲዶች ኮሊክና ኬኖዲኦክሲኮሊክ የሚባሉት ሁለቱ ሲሆኑ፣ የአይጥና የአይጠ መጎጥ ጉበት ኋለኛውን እንደገና ለውጦ ሙሪኮሊክ የሚባል፣ ከውሃ ጋር የበለጠ የሚስማማ፣ ኮሌስትሮልንም ከአንጀት ወደ ደም በማስገባት ረገድ ደካማ የሆነ አሲድ ያደርገዋል። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ሲ ዋይ ፒ 2 ሲ 70 የተባለ ኢንዛይም መሆኑ በ2016 ሲታወቅ፣ የአንድ ዘረ መል መኖርና አለመኖር የሁለት ፍጥረታትን የሐሞት ጠባይ እስከ መለየት እንደሚደርስ ተረጋገጠ።

ሦስተኛው ልዩነት በተሸካሚዎቹ ላይ ነው። ኮሌስትሮል በውሃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ ፕሮቲንና ቅባት ተዋሕደው በሠሯቸው ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ይዞራል። ከእነዚህ መካከል ኤል ዲ ኤል የሚባለው ኮሌስትሮልን ወደ ብልቶች የሚያደርስ፣ ሲበዛም በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ የሚቀር ነው፤ ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ ከብልቶች ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። በሰው ደም ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ በኤል ዲ ኤል ሲጫን፣ በአይጥና በአይጠ መጎጥ ግን የሚበዛው በኤች ዲ ኤል ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮሌስትሮልን ከኤች ዲ ኤል ወደ ሌሎቹ ተሸካሚዎች የሚያሻግረው ሲ ኢ ቲ ፒ የተባለ ፕሮቲን በሰው፣ በሃምስተርና በጊኒ ፒግ ደም ውስጥ ሲኖር፣ አይጥና አይጠ መጎጥ የላቸውም። ሁለተኛ፣ ተሸካሚውን አንድ አድርጎ የሚይዘው አፖ ቢ የተባለ ፕሮቲን ረዥምና አጭር ዓይነት ሲኖረው፣ የሰው ጉበት ረዥሙን ብቻ ይሠራል፤ የአይጥና የአይጠ መጎጥ ጉበት ግን ሁለቱንም ይሠራል፤ በአጭሩ የታሰረው ተሸካሚም ከደም ቶሎ ስለሚነሣ ወደ ኤል ዲ ኤል የመለወጥ ዕድል አያገኝም።

ከዚህ የተነሣ በአይጥ ወገን ውስጥ ራሱ ሁለት ጎራ ተለይቶ ይታያል፤ በአንዱ አይጥና አይጠ መጎጥ፣ በሌላው ሃምስተርና ጊኒ ፒግ። በቤተ ሙከራ የሚኖረው ወርቃማው ሃምስተር የዘር ሐረጉ ወደ ሶርያ ይመለሳል፤ በ1930 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት እስራኤል አሃሮኒ በሐለብ አጠገብ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ ከመሬት ውስጥ አስቆፍረው ካወጡ በኋላ፣ በዓለም ቤተ ሙከራዎችና ቤቶች የተሰራጩት ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚያች እናት ዘሮች ናቸው። ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም፣ በቫይታሚን ኬ ግኝቱ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው፣ በ1952 ምግባቸውን በመለወጥ ብቻ በሃምስተሮች የሐሞት ከረጢት ውስጥ የኮሌስትሮል ጠጠር እንደሚበቅል አሳየ፤ ከረጢት በሌላት በአይጠ መጎጥ ዘንድ ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንኳ አይቻልም ነበር። ከአንዲስ ተራሮች የመጣው ጊኒ ፒግ ደግሞ የደሙን ኮሌስትሮል በአብዛኛው በኤል ዲ ኤል የሚሸከም በመሆኑ ሰውን ይመስላል፤ ሌላም የጋራ ጉድለት አላቸው፤ ሁለቱም ቫይታሚን ሲን በሥጋቸው መሥራት አይችሉም። የብራቲስላቫው ኤሚል ጊንተር በ1970ዎቹ እንዳስረዳው፣ ይህ ቫይታሚን ለረዥም ጊዜ ያነሰው ጊኒ ፒግ ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ የመለወጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ቫይታሚኑን በጉበቷ የምትሠራው አይጠ መጎጥ ግን እንዲህ ያለውን ምርመራ ልታስተናግድ አትችልም።

ይህ ሁሉ ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳየው የጃፓናዊው የአኪራ ኤንዶ ሥራ ነው። በ1933 በሰሜን ጃፓን በአኪታ ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደው ኤንዶ፣ የፔኒሲሊንን አግኚ የአሌክሳንደር ፍሌሚንግን የሕይወት ታሪክ አንብቦ በሻጋታ ፍቅር የተያዘ ሰው ነበር። በአሜሪካ በቆየበት ጊዜ የልብ በሽታ ብዛት ስላስደነቀው፣ ወደ ቶኪዮው ሳንክዮ ኩባንያ ተመልሶ በ1971 አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ፤ ሻጋታዎች ከጠላቶቻቸው ራሳቸውን ለመከላከል የሌላውን ፍጥረት የኮሌስትሮል ሥራ የሚያግድ ነገር ያመነጩ ይሆናልና፣ ይህ ነገር ቢገኝ ለሰው መድኃኒት ይሆናል የሚል ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር 6,000 ያህል ረቂቃን ነፍሳትን አንድ በአንድ ፈተነ፤ በ1973ም በሩዝ ላይ ከሚበቅል ፔኒሲሊየም ሲትሪነም ከሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ የጉበትን ዋና ኢንዛይም፣ ያንኑ ሪዳክቴዝ፣ አጥብቆ የሚይዝ ነገር አገኘ፤ ኋላም ኮምፓክቲን ተባለ።

በብርጭቆ ውስጥ የተሳካው ሥራ ግን በሕያው እንስሳ ዘንድ ከሸፈ። ኮምፓክቲን ለአይጠ መጎጥ በተሰጠ ጊዜ የደሟ ኮሌስትሮል አልቀነሰም፤ በአይጥም እንዲሁ ሆነ። ምክንያቱ በኋላ እንደ ታወቀው፣ የአይጠ መጎጥ ጉበት የመድኃኒቱን እገዳ በተሰማው ጊዜ ያንኑ ኢንዛይም በብዙ እጥፍ አብዝቶ በመሥራት እገዳውን ሻረው፤ በተጨማሪም በደሟ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል የሚበዛው ኤች ዲ ኤል ስለ ሆነ መድኃኒቱ ሊያወርደው የሚችል ኤል ዲ ኤል ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን ደንብ አንድ መድኃኒት በአይጠ መጎጥ ዘንድ ካልሠራ ወደ ፊት አይሄድም ነበርና፣ የኤንዶ ሥራ በዚህ ሊያበቃ ተቃረበ።

ኤንዶ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1976 ዓይኑን ወደ እንቁላል ጣይ ዶሮ መለሰ። በእንቁላል አስኳል ውስጥ ብዙ ኮሌስትሮል እንደሚገኝ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም እንቁላል የምትጥል ዶሮ ብዙ ኮሌስትሮል የምትሠራና የምታዘዋውር ትሆናለች ብሎ አሰበ። ከሥራ ባልደረባው የተገኙ ዶሮዎች መድኃኒቱ የተቀላቀለበትን ቀለብ በበሉ ጊዜ የደማቸው ኮሌስትሮል ወደ ግማሽ ወረደ፤ ከዚያም በኋላ በውሻና በጦጣ ተሞከረ፤ በእነዚህም ሠራ። በ1978 በኦሳካ ዶክተር አኪራ ያማሞቶ ኮሌስትሮላቸው ከመጠን በላይ ላለፈ፣ ከወላጆቻቸው በወረሱት ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ሰጡት፤ ኮሌስትሮሉም ቀነሰ። ይህንኑ መንገድ የተከተለ ሎቫስታቲን የተባለ መድኃኒት በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ1994ም በስካንዲናቪያ አገሮች 4,444 የልብ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ የዚሁ ወገን የሆነው ሲምቫስታቲን ሞትን በ30 ከመቶ እንደ ቀነሰ ታየ። በአይጠ መጎጥ ጉበት ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ ይህ ሁሉ በሩዝ ላይ የበቀለ ሻጋታ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስሕተቱ በተቃራኒው በኩልም ሊመጣ ይችላል። ፋይብሬት የሚባሉት ሌሎች የደም ቅባት መድኃኒቶች ለአይጥና ለአይጠ መጎጥ ለረዥም ጊዜ ሲሰጡ ጉበታቸውን ያሳብጣሉ፤ ዕጢም እስከ ማብቀል ይደርሳሉ፤ ጊኒ ፒግና ጦጣ ግን በዚህ መድኃኒት ይህን ዓይነት ለውጥ አያሳዩም ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱን ለዓመታት በወሰዱ ሰዎች ላይም እንዲህ ያለው የጉበት አደጋ አልታየም። እንግዲህ አንዱ እንስሳ የሚጠቅመውን ነገር የማይረባ አስመስሎ ያሳየናል፤ ሌላ ጊዜም ለእርሱ አደገኛ የሆነውን ለእኛም አደገኛ አድርገን እንድንፈራ ያደርገናል።

የዘመኑ ሊቃውንት ይህን ችግር ለማቃለል የአይጥን ዘረ መል ራሱን መለወጥ ጀምረዋል። በ1992 በኒው ዮርክና በሰሜን ካሮላይና ያሉ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ጉበት ተሸካሚዎቹን ከደም ለማንሣት የሚረዳው አፖ ኢ የተባለ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች አራቡ፤ የጤነኛ አይጥ ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 100 ሚሊግራም ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ የእነዚህ ተራ ቀለብ እየበሉ ከ400 በላይ ወጣ፤ በደም ቅዳቸውም ሰውን የሚገድለው ዓይነት ክምችት በቀለ። በሚቀጥለው ዓመት በዳላስ የኤል ዲ ኤልን ተቀባይ ያጡ አይጦች ተወለዱ፤ ይህም ተቀባይ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን አግኝተውት በ1985 ለኖቤል ያበቃቸው ነው። እነዚህ አይጦች የደም ቅዳን በሽታ ለመመርመር ታላቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ይሁን እንጂ አንድ ዘረ መል ተለወጠ ማለት አይጧ በሁሉ ነገር ሰው ሆነች ማለት አይደለም፤ ሐሞቷ አሁንም የአይጥ ሐሞት ነው፤ ጉበቷም ለምግብ የሚሰጠው መልስ የአይጥ መልስ ነው። ሃምስተርም ጊኒ ፒግም ቢሆኑ ለአንዳንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርቡናል እንጂ ታናናሽ ሰዎች አይደሉም።

ስለዚህ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ «በአይጥ ላይ ተሞክሮ ኮሌስትሮልን ቀነሰ» የሚል ዜና የሰማ አንባቢ፣ ዜናውን ሳይንቅም ሳያመልክም፣ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፤ እንስሳው የትኛው ነው፣ ኮሌስትሮሉን በየትኛው ተሸካሚ ይሸከማል፣ የጉበቱስ ሥራ በዚህ ጥያቄ ከሰው ጋር ይስማማል ወይ። ይህን የሚጠይቅ ሰው በየገበያው ለሚሸጠው «ኮሌስትሮል አጥፊ» ሥርና ቅጠል ሁሉ ገንዘቡንና ጤናውን አይሰጥም፤ ሐኪሙ ያዘዘለትንም መድኃኒት በሰማው ወሬ አይጥልም። ለመርማሪው ግን ግዴታው ከዚህ ይከብዳል። ለሰው ጤና ሲባል የሚሞት እንስሳ ሞቱ ፍሬ ሊኖረው ይገባል፤ ለጥያቄው የማይስማማ እንስሳ መርጦ መመርመር የእንስሳውን ነፍስ በከንቱ ማጥፋት ሲሆን፣ በሐሰት ተስፋ ወይም በሐሰት ፍርሃት ሕሙማንንም መበደል ነው። ኤንዶ ከአይጠ መጎጥ ወደ ዶሮ የዞረው ስለ ጉበት ያለውን ዕውቀት ተከትሎ እንጂ በአጋጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬም አዲስ መድኃኒት የሚሻ ሁሉ ከመሞከሩ በፊት የሚሞክርበትን ጉበት ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።